አዲስ ተሿሚና የሠራተኛው አመኔታ

ሹመት በአንድ ቀን በደብዳቤ ይሰጣል፤ አመኔታ ግን በደብዳቤ አይታዘዝም። የማኅበር ሥራ አስኪያጅም ሆነ የደብር አስተዳዳሪ ወደ አዲስ ቦታ ሲሄድ ወንበሩን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል፤ የሰውን ልብ ግን ራሱ ሊፈልገው ይገባል። ይህም በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አካባቢዎች፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ፣ በኃላፊነት ለሚያገለግሉ ምእመናን የዘወትር ጥያቄ ስለሆነ፣ የቅዱሳት መጻሕፍትን ምሳሌ ከአገሩ ሥራ ጋር አያይዘን እንመለከተዋለን።

ሮብዓም በአባቱ በሰሎሞን ፈንታ ሊነግሥ ወደ ሴኬም በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልላቸው ለመኑት፤ እርሱም ለሦስት ቀን አሰናበታቸው። ሽማግሌዎቹ የሕዝቡ አገልጋይ ሆኖ በመልካም ቃል እንዲመልስ መከሩት። ምክራቸውን ትቶ የአብሮ አደጎቹን ያዘ፤ በጭካኔ ቃልም መለሰ፤ ዐሥሩ ነገድ ከእጁ ወጣ። ነህምያም ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ነገር ግን የእርሱ ሦስት ቀን የዝምታ ነበረ፤ ከዚያም ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ መረመረ። ሳያይ አላዘዘም። ለሕዝቡ በተናገረ ጊዜም ራሱን ከሠራተኞቹ ጋር ቈጥሮ ነው። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ።

አንባቢ ግን በዚህ እንዳያቆም እንለምናለን፤ ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥለን የምንመለከተው ነው። ድሆች እርሻቸውንና ቤታቸውን በዕዳ አሲዘው በጮኹ ጊዜ ነህምያ ታላላቆቹን በጉባኤ ገሠጸ። እርሱና ወንድሞቹም አበዳሪዎች ነበሩና ወለዱ እንዲቀር ሲጠይቅ ራሱን አልለየም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዦች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን፣ በላዩም 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር፤ እርሱ ግን 12 ዓመት ሙሉ ለገዥ የሚሰጠውን ቀለብ አልበላም።

ይህ በቡና አገር እንዴት እንደሚተረጐም እንይ። ገበሬ ቡናውን በደጁ አድርቆ ጀንፈል ቢያደርገው በጐተራ አኑሮ ዋጋ ይጠብቃል። እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ ካስረከበ ግን በዚያው ቀን መፈልፈል አለበትና ሊያስመልሰው አይችልም። 6 ኪሎ ያህል እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ብቻ እንደሚወጣው ያውቃል፤ ሚዛኑን የሚያነብለት ግን ሌላ ሰው ነው፤ የማኅበር አባል ከሆነም የትርፉ ድርሻ የሚደርሰው ቡናው ከተሸጠ በኋላ ነው። ስለዚህ የታጠበ ቡና መተማመን በሌለበት አይሠራም። በጎማ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው የዱሮሚና ገበሬዎች ማኅበር ቡና በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ሲወጣ፣ ገበሬዎቹ እሸታቸውን አምነው ባያስረክቡ ኖሮ የሚቀመስ ነገር አይገኝም ነበር።

ወደ እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚሾም ወጣት፣ ምስክር ወረቀቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ቡናው በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ መጨረሱን በመዳፉ አሽቶ የሚያውቀውን አሮጌ ሠራተኛ ቀርቦ ይጠይቅ፤ ሲጠይቅም «አንቱ» ይበል። (ሽበት ያለውን ሰው «አንተ» ማለት ሥልጣን የሚመስለው ተሿሚ አለ፤ የት እንደ ተማረው እንጃ።) በማድረቂያው አልጋ ዳር ቆመው የሚለቅሙትን ሴቶች ክፍያ አያዘግይ። ሙስሊም ሠራተኞች ዓርብ ለጸሎት ሲሄዱ እንደ ስንፍና አይቍጠርባቸው፤ በኦሮምኛ ሰላምታ መስጠትንም ይማር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሚዛኑን አስረካቢው በሚያይበት ቦታ ያቁም፤ ሒሳቡንም በአባላቱ ጉባኤ ፊት ያንብብ። የደብር አስተዳዳሪም ለመሪጌታውና ለገበዙ፣ ለሰበካ ጉባኤውም ሒሳብ እንዲሁ ያድርግ።

«የሚያከብርን ሹም ይንቁታል» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የነህምያን ተግሣጽ አላስተዋሉም። ታላላቆቹን በአደባባይ የገሠጸው በደላቸው የአደባባይ ስለ ነበረ ነው፤ በስውር የተሳሳተውን ሠራተኛ ግን ጌታችን በወንጌል እንዳስተማረ መጀመሪያ ለብቻው ጠርቶ ማነጋገር ይገባል፤ ባይሰማ ምስክሮች ይጨመራሉ፤ ወደ ጉባኤ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።