«በጀት የለም» ለሚል ምላሽ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ የሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ከተበላሸ ቆየ። በየስብሰባው እናነሳለን፤ ወረዳው «በጀት የለም» ይለናል። እንደ ነዋሪ ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ብዙ ማድረግ ይችላሉ፤ ዋናው ግን ጊዜው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በነሐሴ ስብሰባ የሚነሳ ጥያቄ ገንዘቡ ከተደለደለ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ገና ሲረቀቅ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ጥያቄዎን ከጎረቤቶችዎ ፊርማ ጋር በጽሑፍ ለወረዳው ምክር ቤት ያስገቡ። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን እንዲሰጠው ያድርጉ፣ ቅጂውን ይያዙ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ከቃለ ጉባኤ ሊቀር ይችላል፤ ቁጥር ያለውን ደብዳቤ ግን «አላየነውም» ማለት ይከብዳል።

«በጀት የለም» ሲባሉም የጸደቀውን በጀት ለማየት ይጠይቁ። ይህ ልመና አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ብዙዎቻችን የወረዳ ምክር ቤት ተወካያችንን በስም እንኳ አለማወቃችን ነው። ይፈልጓቸውና ደብዳቤውን በእጃቸው ይስጧቸው፤ በጀቱን የሚያጸድቁት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ናቸው።