«ሞቷል» የተባለው የብስክሌት ባትሪ

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ላይ በምኖርበት በቀራንዮ አንድ ወጣት ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ባትሪ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ቤቴ መጣ። ክረምቱን አገር ቤት አሳልፎ ሲመለስ ብስክሌቱ አልነሣ ብሎታል። «ጋሼ፣ ሞቷል አሉኝ። ወይ አዲስ ግዛ፣ ወይ ተቆጣጣሪውን ዘለን በሽቦ እናገናኝልህ ነው የሚሉኝ» አለኝ። ወጣቱ ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር ስለሆነ አዲስ ባትሪ የብዙ ወራት ገቢው ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የሽቦው ነገር ነበር።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ ተሽከርካሪዎች እየተበራከቱ መምጣታቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ባትሪ «ሞተ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መመርመር ለፊዚክስ ተማሪ ጥሩ መልመጃ ይሆናል።

በንግድ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበው የሊቲየም አዮን ሴል አማካይ ቮልቴጁ 3.6 ገደማ ሲሆን፣ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። የጎረቤቴ ባትሪ በሲሪየስ የተያያዙ 13 የሴል ቡድኖች አሉት፤ ሲሞላ 13 በ4.2 ሲባዛ 54.6 ቮልት ይሆናል ማለት ነው። በሲሪየስ በተያያዙ ቡድኖች ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ዓይነት በመሆኑ ደካማው ቡድን ቀድሞ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሌሎቹ በእርሱ ውስጥ ከረንት መግፋታቸውን ከቀጠሉ ፖላሪቲው እስከ መገልበጥ ይደርሳል። ይህን ለመከላከል ተቆጣጣሪው ሰሌዳ የእያንዳንዱን ቡድን ቮልቴጅ ይከታተላል፤ አንዱ እንኳ ከ2.8 ቮልት ገደማ በታች ቢወርድ የሁሉንም መውጫ ይዘጋል። ስለዚህ መውጫው ላይ ቮልቴጅ ማጣት ባትሪው መሞቱን አያረጋግጥም።

ምርመራውን ከቻርጀሩ ጀመርን። ቴስተሩ 54.5 ቮልት አነበበ፤ ቻርጀሩ ደህና ነው። ነገር ግን ባትሪው ላይ ሲሰካ መብራቱ ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። ብዙዎች ይህን «ሞልቷል» ብለው ይተረጉሙታል፤ መብራቱ የሚናገረው ግን ከረንት እየፈሰሰ አለመሆኑን ብቻ ነው። ምክንያቱም ብዙም አልራቀም፤ ብስክሌቱ ክረምቱን በረንዳ ላይ ስለቆመ የቻርጀሩ መሰኪያ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል። መሰኪያውን ለወጥነው።

ቀጥሎ ቀለበትና ሰዓት አውልቀን፣ እጀታው በፕላስቲክ በተሸፈነ መፍቻ ሽፋኑን ከፈትን። (ልምድ ያለው ባለሙያ አጠገባችሁ ሳይኖር ይህን አትሞክሩ፤ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ብረት ከተነካኩ በብዙ መቶ የሚቆጠር አምፒር ሊፈስ ይችላል።) 12ቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 3.34 ቮልት ሲያሳዩ አንዱ ብቻ 2.41 ሆኖ ተገኘ። ልጁ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ያ ቡድን ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ በራሱ የሚፈስ ነበር። ሰሌዳው መዝጋቱ ትክክል ነው። በሽቦ ቢዘለል ኖሮ ዘብ የሌለው ባትሪ በሌሊት ከአልጋ ሥር ቻርጅ ሲደረግ ይታያችሁ! በሊቲየም ሴል የተነሣ እሳት በቀላሉ አይጠፋም፤ በሰፈራችን ደግሞ ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ።

የተበላሸውን ከሚድነው የሚለየው ቁጥር 2 ቮልት አካባቢ ነው። ሴል ከዚህ በታች ለረጅም ጊዜ ከቆየ የአሉታዊው ኤሌክትሮድ የመዳብ ወረቀት ይሟሟል፤ ዳግም ሲሞላ መዳቡ በውስጥ ተጠራቅሞ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። 2.41 ከዚያ በላይ በመሆኑ ያን ቡድን ብቻ በላቦራቶሪ የኃይል ምንጭ በ0.5 አምፒር ቀስ ብለን ከ3 ቮልት በላይ አደረስነው። አንድም ጊዜ አልሞቀም፤ ቢሞቅ ኖሮ ሥራውን አቆም ነበር። ከዚያ በኋላ በራሱ ቻርጀር ሞላ።

ልጁ ደስ ብሎት ሊሄድ ሲል «ቆይ እንጂ» አልሁት። ሙሉ ቮልቴጅ ጤንነትን አይመሰክርም፤ ሸክም ሲጫንበት ማየት ያስፈልጋል። ካደረ በኋላ ያለ ሸክም 53.8 ቮልት የነበረው ባትሪ 10 አምፒር ሲስቡት 52.0 ሆነ። ልዩነቱ 1.8 ቮልት ለ10 ሲካፈል የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.18 ኦም ነው። ጤነኛ ቡድኖች በየግላቸው 0.12 ቮልት ሲወርዱ ደካማው 0.36 ወረደ፤ ሬዚስታንሱ ሦስት እጥፍ ነው ማለት ነው።

ይህ በመንገድ ላይ ምን ያስከትላል? ብስክሌቱና ነጂው 130 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 100 ሜትር ከፍታ ያለውን ዳገት በ4 ደቂቃ ቢወጡ 530 ዋት ገደማ ይፈልጋሉ። የሞተሩን ብክነት ጨምረን፣ ብቃቱን 75 በመቶ ብንወስድ፣ ከባትሪው 15 አምፒር ያህል ይሳባል። ያን ጊዜ ደካማው ቡድን 0.54 ቮልት ይወርዳል፤ 3.3 ላይ ከነበረ 2.76 ይሆንና ሰሌዳው ይዘጋል። ነጂው ወርዶ ጥቂት ሲገፋ ቮልቴጁ ስለሚያንሰራራ ብስክሌቱ እንደገና ይሠራል። «ዳገት ላይ ይሞታል፣ ሜዳ ላይ ይነሣል» የሚባለው አቤቱታ መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ባለ እርሳስና አሲድ ባትሪ ብስክሌት ያላችሁም አላችሁ፤ ባለ 12 ቮልቱ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ገደማ ያነባል፤ ባዶውን ከቆየ ግን በሰልፌት ክሪስታል ይሸፈናልና አዘውትራችሁ ሙሉት።

ለጎረቤቴ ደካማው ቡድን እንዲቀየር መከርሁት፤ ቀያሪው አዲሶቹን ሴሎች ከነባሮቹ ጋር በአቅምና በቮልቴጅ ማመሳሰል አለበት። እስከዚያው ድረስ ባትሪው ሲጋመስ ወደ ቤቱ እየተመለሰ፣ በቀን፣ ሰው ባለበት ቻርጅ ያደርጋል። በሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «7ኛ ቡድን፣ 0.036 ኦም» ብለን ጽፈናል፤ በኅዳር እንደገና እንለካዋለን።