ከ10ኛው ልጀምር?

ጥያቄ፦ ከሚሴ መንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ስለ አንዲት ቦትስዋናዊት መርማሪ ከጻፋቸው ተከታታይ መጻሕፍት 10ኛውን በእንግሊዝኛ አገኘሁ። የፊተኞቹን ዘጠኙን አላነበብኩም። ልጀምረው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይጀምሩት። ተከታታዩ በ1998 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ከ20 በላይ መጻሕፍት ወጥተውለታል፤ የመጀመሪያው እጅዎ እስኪገባ መጠበቅ አያዋጣም። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው 10ኛው ደግሞ የራሱን ጉዳይ ራሱ ጀምሮ ራሱ ይጨርሳል። የአንድ እግር ኳስ ቡድን ባለቤት፣ ቡድኑ ደጋግሞ የሚሸነፈው ከውስጥ የሚከዳው ስላለ ነው ብሎ መርማሪዋ ማ ራሞትስዌ ዘንድ ይመጣል። እሷ ስለ ኳስ የምታውቀው ነገር የለም፤ ሳቁም የሚፈልቀው ከዚያ ነው።

የሚያመልጥዎት ትንሿ ነጭ መኪናዋ ናት። እዚህ ላይ ሞተሯ መንኳኳት ይጀምራል፤ ማ ራሞትስዌም መካኒክ ባሏ ሰምቶ እንዳያስጥላት ትሰጋለች። ከ1ኛው ጀምሮ አብሬያት ስለተጓዝኩ እኔን ያ ድምፅ ሆዴን አባባው። ለእርስዎ ግን ያረጀች መኪና ብቻ ትሆናለች። ረዳቷ ማ ማኩትሲ የጸሐፊነት ኮሌጅ ስትጨርስ ያመጣችውን 97 ከመቶ በየመጽሐፉ ታነሳለች፤ እሱም የሚያስቀው ሲደጋገም ነው። ስለዚህ ይህን ከወደዱት 1ኛውን ያፈላልጉ እንጂ ወደ 11ኛው አይቸኩሉ።