«ግማሹን ስጪው»

አሰላ ሐምሌ ላይ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፣ ልጆች ያስላሉ፣ የጎረቤት ምክርም አይጠፋም። «የተረፈኝ ኪኒን አለ፤ ግማሹን ስጪው፣ ሕፃን አይደል?» ትላለች አንዲት ደግ እትዬ። ደግነቷን አልጠራጠርም። ስሌቷን ግን፣ ጡረታ ቢወጣም ጠመኔ እጁን ያልለቀቀ የሳይንስ መምህር ነኝና፣ ሰሌዳ ላይ ላውጣው።

እትዬ 60 ኪሎ ትሆናለች፤ ሕፃኑ 6 ኪሎ። በክብደት ብቻ ብናካፍል እንኳ ድርሻው አንድ አሥረኛ እንጂ ግማሽ አይደለም። ታዲያ አንድ አሥረኛውን ብንሰጠውስ? አሁንም አልሆነም፤ ምክንያቱን ለማየት መድኃኒቱን ከአፍ ጀምረን እንከተለው።

መጀመሪያ ጨጓራ። አዲስ የተወለደ ሕፃን የጨጓራ አሲዱ ደካማ ነው። አሲድ የሚያበላሸው ፔኒሲሊን በትልቅ ሰው ሆድ ውስጥ ከፊሉ ሲጠፋ፣ በጨቅላው ሆድ ግን ብዙው ሳይነካ ወደ ደም ይገባል። ቆዳውም ስስ ነው፤ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸርም ስፋቱ ብዙ ነው። ስለዚህ የተቀባው ሁሉ ከላይ አይቀርም። ለትኩሳት ብሎ ሕፃን አረቄ የሚቀባ ሰው፣ ሳያውቀው እያጠጣው ነው።

ቀጥሎ ውኃ። ከጨቅላ ሰውነት ውስጥ ከመቶ 75 ያህሉ ውኃ ነው፤ በትልቅ ሰው ከመቶ 60 ገደማ። አንድ ቁንጥር ጨው በቀጠነ ሽሮ ውስጥ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ እንደ ጄንታማይሲን ያለ በውኃ የሚሟሟ መድኃኒትም በጨቅላው ሰውነት ውስጥ ይሳሳል። ያንኑ ክምችት ለማግኘት በኪሎ ሲሰላ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋል። ነገር ግን ማውጫው ኩላሊት ገና እየተማረ ነው፤ የትልቅ ሰው አቅም ላይ የሚደርሰው ወደ 1 ዓመቱ ነው። የገባው ቶሎ አይወጣም፤ ካልወጣ ደግሞ ጆሮንና ራሱን ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ቀጣዩን መርፌ ያርቀዋል፤ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት አንዴ፣ ያለጊዜው ለተወለደ ደግሞ ከዚያም አርቆ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ መጠኑ ከፍ፣ ጊዜው ራቅ። ይህን የትኛውም ማካፈል አይሰጣችሁም።

አሁን ጉበት። እ.ኤ.አ. በ1959 ከሎስ አንጀለስ ሆስፒታል የወጣ ጽሑፍ ዶክተሮችን አስደንግጦ ነበር። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ኢንፌክሽን እንዳይዛቸው ተብሎ ክሎራምፌኒኮል ይሰጣቸው ነበር፤ መድኃኒቱን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ በብዛት ሞቱ። ሆዳቸው ይነፋል፣ ሰውነታቸው አመድ ይመስላል፣ ትንፋሻቸው ይደክማል። የትልቅ ሰው ጉበት መድኃኒቱን ከሌላ ነገር ጋር አጣምሮ ከሰውነት እንዲወጣ ያደርገዋል፤ የእነርሱ ጉበት ያንን ሥራ ገና አልጀመረም ነበር።

ታዲያ «ሕፃን ጉበቱ ደካማ ነው» ብላችሁ ደብተር ላይ ልትጽፉ ነው? ቆዩ። ከ1 ዓመት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። የልጅ ጉበት ከክብደቱ አንጻር ትልቅ ነው፣ ሥራውም ፈጣን። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን በኪሎ ሲሰላ ለ4 ዓመት ልጅ ከአባቱ የበለጠ የሚታዘዝበት ምክንያት ይህ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አስተማሪው ተሳሳተ ብለው ይተያዩ ነበር።

ፈጽሞ የማይሰጡም አሉ። አስፒሪን ጉንፋን ወይም ጉድፍ ለያዘው ልጅ አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ ከባድ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች አይታዘዝም። የሚዋጠው ቴትራሳይክሊን ገና በማደግ ላይ ያለን ጥርስ ያበልዛል፤ የዓይን ቅባቱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን አትፍሩ።

መጠኑ የሚሰላው በኪሎ ነውና ወደ ሚዛኑ እንምጣ፤ ልጁ ልብሱን አውልቆ ይመዘን። በአርሲ ደጋ ብርድ ልጅ ማራቆት ይከብዳል፤ ገባኝ። ነገር ግን ሹራቡና መጠቅለያው ግማሽ ኪሎ ከሆኑ፣ 5 ኪሎ ሕፃን ላይ አንድ አሥረኛ ጨመራችሁ ማለት ነው። መድኃኒቱም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ፓራሲታሞልን እናስላ። ለአንድ ጊዜ በኪሎ እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ ልጅ፣ 150 ሚሊ ግራም። ጠርሙሱ «120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ካለ፣ 150ን ለ120 አካፍሉ፣ በ5 አባዙ፦ 6.25 ሚሊ ሊትር። አሁን ጠብታውን አንሡ፤ አንዳንዱ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሽሮፕ መስሏችሁ ከዚህ 5 ሚሊ ሊትር ብትሰጡ 500 ሚሊ ግራም ሆነ፤ ከሦስት እጥፍ በላይ! የጠርሙሱ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ወይም አማርኛ። ስለዚህ ፋርማሲ ላይ «ስንት ሚሊ ሊትር? በየስንት ሰዓቱ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ። ትኩሳት ያለው ከ2 ወር በታች ሕፃን ከሆነ ግን ሽሮፑን ተዉና ወደ ሐኪም ሩጡ።

ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግን ለሳንባ ምች አሞክሳሲሊን ስትሰጥ ይህን ሁሉ አታካፍልም፤ ዕድሜ ትጠይቅና ትቆጥራለች። ከ2 እስከ 12 ወር፣ በውኃ የሚሟሟ ባለ 250 ሚሊ ግራም ኪኒን፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ ለ5 ቀን። በግምት ሠራች እንዳትሉ። አሞክሳሲሊን ሰፊ ሜዳ ያለው መድኃኒት ነው፤ ጥቂት ቢበልጥ አይጎዳም። ጄንታማይሲን ሜዳው ጠባብ ነውና ክብደት ይጠየቃል።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከሦስት ጎረቤት ሦስት የሻይ ማንኪያ ተዋሱ፣ መርፌው በወለቀ ንጹሕ ሲሪንጅ ውኃ እየለካችሁ ሙሏቸው። አንዱ 3፣ አንዱ 5፣ ሌላው ወደ 7 ሚሊ ሊትር ቢይዝ አይግረማችሁ። «አንድ ማንኪያ» የሚባል መጠን የለም። ለልጁም በዚያው ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ቀስ አድርጋችሁ ስጡት፤ አፍንጫ ይዞ መጋት ትን ያስብላል።

በዱቄት የሚመጣውን ሽሮፕ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ በጥብጡ፣ በሰጣችሁ ቁጥርም ናጡት። ሳይናጥ የሚሰጥ ሽሮፕ እንደ ጀበና ነው፤ መጀመሪያ ቀጭኑ ይወርዳል፣ አተላው ለመጨረሻ ቀን ይቆያል። ሲበጠበጥ ብዙው የሚያገለግለው 7 ቀን ነው፣ አንዳንዱ 14። የበጠበጣችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ ጻፉት፤ እትዬ በሚቀጥለው ወር «ትንሽ ተርፎሻል?» ብላ ስትመጣ ቀኑን ታሳዩአታላችሁ።