በሕክምና ሥር ለብዙ ዓመት ስለሚኖር ሕመምተኛ

በሽታ ሁሉ ሁለት መጨረሻ ብቻ ያለው የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ይኸውም ወይ መዳን ወይ መሞት ነው። ስለዚህም ሕመምተኛን ስንጠይቅ «ተሻለህን?» እንላለን እንጂ ሦስተኛ መልስ ይኖራል ብለን አንጠብቅም። ነገር ግን ፈጽሞ ሳይለቅ፥ ሳይገድልም፥ አምስት ዓመት፥ ዐሥር ዓመት፥ ከዚያም የሚበልጥ ጊዜ ከሰው ጋር የሚኖር የነቀርሳ ወይም የካንሰር ዓይነት አለ። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ በእምነቱ እንዴት ይቁም? ካህኑስ ምን ይበለው? ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። አንደኛው ከመቅኔ የሚነሣ፥ በዝግታ የሚያድግ የደም ነቀርሳ ነው። ቀድሞ ይህ ደዌ ያገኘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይቈይም ነበር። በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለው ኪኒን ግን ይህን ለወጠው፤ የታመመው የደም ሕዋስ ያለ ልክ እንዲባዛ የሚያደርገውን ኀይል ያግዳልና በየቀኑ የሚውጠው ሰው ሥራውን እየሠራ፥ ልጆቹን እያሳደገ ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህን መድኃኒት በርዳታ ያለ ዋጋ እየተቀበሉ ለዓመታት የቈዩ ሕሙማን አሉ። ሁለተኛው የጡት ነቀርሳ ነው። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ ታሞክሲፈን የተባለው ኪኒን ለሚስማማቸው ሴቶች ለአምስት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዐሥር ዓመት ይታዘዛል፤ ምርመራውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየጥቂት ወሩ፥ በኋላም በየዓመቱ ይቀጥላል።

ይህ በአርሲ ደጋ ምን እንደሚመስል እናስብ። በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ይሁን እንጂ የነቀርሳ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ከጥቁር አንበሳ በቀር ስላልነበረ፥ በቅርብ ዓመታት በጅማና በሌሎችም ስፍራዎች ቢጀመርም፥ የአርሲ ሕመምተኛ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሆኖ ቈይቷል። ይህም ከአሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከበቆጂ የምትነሣ እናት ግን አስቀድማ እስከ አሰላ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለባት። ገና ጎሕ ሳይቀድ በዚያ ብርድ ጋቢዋን ተከናንባ ትሳፈራለች፤ የጭላሎን ተራራ ወደ ኋላ ትታ በዴራና በአዳማ ታልፋለች፤ ደርሳም ደሟን ትሰጣለች፥ ካርዷን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች። ከጕዞው ይልቅ የሚከብዳት ግን ከቀጠሮው በፊት ያለው ሳምንት ነው። ጐኗን ቢወጋት «ተመልሶ ይሆን?» ትላለች፤ ሌሊቱ አይነጋላትም። ውጤቱ መልካም ሆኖ ብትመለስ ደስታዋ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የተሰፈረ ነው።

በዚህ ላይ ጎረቤት «ድነሽ የለምን? ስለ ምን ትመላለሻለሽ?» ይላታል። ከዚህ የከፋው «እምነቷ ቢሞላ ኪኒኑን በጣለችው ነበር» የሚለው ነው። ይህን ቃል ሰምተው ወደ ጠበል ሲሄዱ መድኃኒታቸውን የሚተዉ አሉ። ኪኒኑ ሲቋረጥ ሕመምተኛው ወዲያው አይወድቅም፤ ለጥቂት ወራት ደኅና ይመስላል፤ አሳሳችነቱም እዚህ ላይ ነው። በውስጥ ግን የታገደው በሽታ እንደ ገና ይባዛል። ስለ ኤድስ መድኃኒት ይህን የመሰለ ክርክር በተነሣ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ ለምእመናን አስታውቀዋል። ለነቀርሳም ፍርዱ ሌላ ሊሆን አይችልም።

መጻሕፍትም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሕመምተኛው አስቀድሞ እንዲጸልይ፥ ከዚያም ለባለ መድኃኒቱ ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል። ንጉሥ አሳ የተነቀፈው ባለ መድኃኒቶችን ስለ ፈለገ ሳይሆን እግዚአብሔርን ትቶ እነርሱን ብቻ ስለ ፈለገ ነው። ሕዝቅያስን እንመልከት፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ዐሥራ አምስት ዓመት እንደ ተጨመረለት ከነገረው በኋላ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋው ከሰማይ የመጣ ሲሆን በለሱ አልቀረም። ደግሞም የተሰጠው ዘመን የተቈጠረ ነበር፤ የተቈጠረ በመሆኑም ስጦታነቱ አላነሰም።

ስለ ቀጠሮና ምርመራ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደው የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ነው። በዚያ ካህኑ ሕመምተኛውን አንድ ጊዜ አይቶ አይፈርድም፤ ሰባት ቀን ይለየዋል፥ ተመልሶ ያየዋል፤ ነገሩ ካልተገለጠለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምርና ዳግመኛ ያየዋል። እንግዲህ ደጋግሞ መመልከት ጥንትም የካህናት ሥራ ከሆነ፥ ዛሬ በየሦስት ወሩ ደሟን ለምታስመረምር ሴት መመላለሷ እንደ ጥርጥር ሊቈጠርባት አይገባም።

የነፍስ አባት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጕዳይ አለ። ኢማቲኒብ ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር የሚዋጥ ነው፤ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ወይም ለቍርባን የምትዘጋጅ ሴት ይህን ለማን ትናገር? አባቷ ይቈጡኛል ብላ ትፈራና ወይ ከቍርባን ትርቃለች ወይ ኪኒኑን ትዘልላለች። ሁለቱም ጕዳት ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ሐኪሙን አማክራ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ስለዚህ አባቷ «ሐኪምሽን ጠይቂና ንገሪኝ» ቢሏት ችግሩ በአንድ ቃል ይፈታል። ብርቱ መድኃኒት በደም ሥር እየተሰጠው ሰውነቱ ለደከመው ግን ፍትሐ ነገሥት ራሱ ለሕሙማን ጾምን ያቀልላልና አባቱ ሳይለመኑ ሊፈቅዱለት ይገባል። ሕመምተኛ የራሱን ድካም መዝኖ እንዲለምን መጠበቅ ደግ አይደለም ብለን እናምናለን።

ጸሎትንም በሚመለከት፥ ሰው ሲታመም የክርስትና ስሙ ለካህናት ይሰጥና ለጥቂት ሳምንት ይታሰባል፤ ከአልጋው ሲነሣ ይረሳል። ለዓመታት ለሚታከም ይህ ልማድ አይበቃውም። የበቆጂዋ እናት ቀጠሮ በየሦስት ወሩ ከሆነ፥ ካህኑ ቀኑን በማስታወሻው ጽፎ ስሟን ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት፥ እንቅልፍ በሚነሳት ሳምንት፥ በጸሎቱ ሊያነሣው ይችላል፤ የሰንበቴው ማኅበርም በዚያው ሰሞን የመሳፈሪያ ዋጋዋ መሟላቱን ይጠይቅላት።