ከጥላ ጋር የሚዘዋወር የሕፃን ጥግ

የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ባልና ሚስት ሰመራ፣ ሎግያ ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚኖሩት በአንድ ወይም በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ገቢያቸው ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ብዙም ባይተርፍ እንኳ፣ የመውለጃው ቀን ሲቃረብ ለልጃቸው የሚያምር ክፍል ማሰናዳት ይመኛሉ። ምኞቱ ትክክል ነው። ችግሩ በስልክ አይተው ምሳሌ የሚያደርጓቸው ክፍሎች ለሌላ አየር ጠባይ የተሠሩ መሆናቸው ነው። ወፍራም መጋረጃ፣ ጸጉራም ምንጣፍ፣ በትራስና በአሻንጉሊት የታጠረ አልጋ ለብርድ አገር ልጅ የታሰቡ ናቸው። የእንግሊዝ ወላጆች የሕፃን መኝታ ክፍል ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው ተብለው ይመከራሉ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ሰመራ ግን ያ ሁሉ ዕቃ አቧራ ይሰበስባል፣ አየር ይዘጋል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ አትጨርሱት። ተጠቅልሎ፣ ተሸክሞ፣ ጥላና ነፋስ ወዳለበት የሚሄድ የሕፃን ጥግ አዘጋጁ።

የዚህ ጥበብ ባለቤቶች እዚያው አፋር ውስጥ አሉ። የአርብቶ አደሩ ቤት ዳቦይታ ከመሠረቱ የሴቶች ሥራ ነው። እናቶች ቀጫጭን እንጨት እያጎበጡ ይተክላሉ፣ ጫፍና ጫፉን ያስራሉ፣ ከዘንባባ ቅጠል የታታ ሰሌን ያለብሱታል፤ ለግጦሽ ሲነሱ ፈትተው በግመል ይጭኑታል። ሰሌኑ ፀሐዩን ያስቀራል፣ ነፋሱን ግን ያሳልፋል። የብሎኬት ቤት በተቃራኒው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ መልሶ ይለቃል። በእነዚህ ከተሞች ሰው ሲመሽ አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛው ለዚህ ነው። ቀን ቤት ውስጥ፣ ማታ ግቢ ለሚያድር ቤተሰብ የልጁም ቦታ አብሮ መውጣትና መግባት አለበት።

ለሕፃኑ ለብቻው ክፍል የለንም ብላችሁም አትዘኑ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ራሱ ልጁ ቢያንስ እስከ 6 ወር ድረስ ወላጆቹ በሚተኙበት ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ይመክራል። አንድ ክፍል ያለው ቤተሰብ ይህን ምክር ያለ ምንም ወጪ ይፈጽመዋል።

ቦታውን በመዳፍ መምረጥ

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ፣ በየግድግዳው ላይ በውስጥ በኩል መዳፋችሁን አሳርፉ። በጣም የሚሞቀው አብዛኛውን ጊዜ የምዕራቡ ነው። ከዚያ ግድግዳ የሕፃኑን መኝታ አርቁ። የምሥራቁ ግድግዳ የጠዋት ፀሐይ ቢመታውም ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል፤ ከሌላ ክፍል ጋር የሚያዋስነው ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ በእነዚህ ከተሞች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ የምታዘነብለው ወደ ሰሜን ነው። በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኛችሁት የሰሜን ግድግዳ በሰኔ ላይሆን ይችላል። መዳፋችሁን በየወቅቱ መልሳችሁ አሳርፉ፤ ጥጉንም አዛውሩ።

ቀጥሎ ቀና በሉ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀቱን በቀጥታ ልጁ ላይ ያወርዳል። ከሥሩ የሚወጠር አቡጀዲ፣ ወይም ዱቄትና ስኳር የነበረባቸው፣ ታጥበው የተሰፉ ከረጢቶች ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። ጨርቁ ከቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ፤ የታፈነው ሙቀት መውጫ እንዲያገኝ በሁለቱም ጫፍ ክፍተት ይቀመጥለት። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ስላለ የፀረ ተባይ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት በርካሽ ሊገኝ ይችላል። ያንን ለኮርኒስም፣ ለፍራሽም፣ ለምንም ነገር ወደ ሕፃን አታቅርቡ፤ ቢታጠብም አይታመንም። የምዕራቡን ግድግዳ ከውጭ በኖራ ነጭ መቀባት ደግሞ ፀሐዩን ይመልሳል፤ ኖራው ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ሥራው ልጁ ከመወለዱ በፊት ይለቅ፣ ቀቢዋም ነፍሰ ጡሯ አትሁን።

ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዋሽ ሌሊት ሌሊት ትንሽ ታስተነፍሳለች። ከ500 ሜትር በታች ያለችው ሰመራ ግን በሞቃቱ ወራት ሌሊቱንም አትለቅም። የሰመራ አየር ደረቅ ስለሆነ እርጥብ ነገር ይሠራል፤ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ላይ ሰሌን ሰቅላችሁ ውሃ አርከፍክፉበት። ውሃው እየተነነ አየሩን ያበርደዋል፣ ሰሌኑ አቧራውን ይይዛል። ሲደርቅ ድጋሚ ማርጠብ ብቻ ነው። ፋን ካላችሁ አየሩን ክፍሉ ውስጥ ያዙረው እንጂ የልጁ ፊት ላይ አይነፍስበት። ልጁ ሞቆት እንደሆነ ለማወቅ ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሱ፤ እጅና እግሩ አያስረዱም። ካላበው ከሽንት ጨርቁ በቀር ሁሉንም አውልቁለት።

መኝታው

አልጋ ባይገዛም ይቻላል። ፊንላንድ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድኻ እናቶች፣ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም፣ የሕፃን ልብስና ጨርቅ በካርቶን ሣጥን አድርጋ ትሰጣለች። በሣጥኑ ወለል ልክ የተሰፋች ፍራሽ አብራው ስላለች ብዙ የፊንላንድ ሕፃናት የመጀመሪያ እንቅልፋቸውን የተኙት እዚያው ካርቶን ውስጥ ነው። እኛ አገር በያጅ ወይም አናጺ ዘንድ ሄዶ ቀላል አልጋ ማሠራትም ይቻላል። ስትስማሙ ሜትር ይዛችሁ ሁለት ነገር ንገሩት፤ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲሜትር አይብለጥ፣ የልጁ አካል ሾልኮ ጭንቅላቱ እንዳይቀረቀር። በፍራሹና በአልጋው ጠርዝ መካከልም ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ አይኑር። የብረት አልጋ ፀሐይ ላይ ከዋለ ስለሚፋጅ ልጁን ከማስተኛታችሁ በፊት ዳስሱት። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ያገለገለ አልጋ ካገኛችሁ ደግሞ እለፉት፤ ሕፃናት እየተቀረቀሩ በመሞታቸው አሜሪካ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች።

ፍራሹ ጥጥ ቢሆን ደስ ይለኛል። የጥጥ እርሻ የአዋሽ ሸለቆ የቆየ ሙያ ነው፤ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1950ዎቹ ዓ.ም ዱብቲ አካባቢ ተንዳሆ ላይ ሰፊ እርሻ አቋቁሟል፣ ወረር ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም በጥጥ ይታወቃል። ጥጡን በደጋን አስነድፋችሁ በአቡጀዲ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ስፉት። ልጁ ሲተኛ ፊቱ የማይሰምጥበት ድረስ ጠንካራ ይሁን። አንሶላው ያረጀ ነጠላ ይሁንለት፤ ከብዙ እጥበት በኋላ የሚለሰልሰውን ያህል የትኛውም አዲስ ጨርቅ አይለሰልስም። በፍራሹ ላይ ከልጁ በቀር ምንም አይቀመጥ፤ ትራስ፣ ጋቢ፣ አሻንጉሊት፣ በአልጋው ዙሪያ የሚታሰር ስፖንጅ፣ አንዱም አያስፈልግም። ልጁ ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ይህን ምክር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካስፋፉ በኋላ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

አጎበሩና በርሜሉ

ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን ክፍል አስታውሱ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ቀጥሎ በተደረገው ፍተሻ አዋሽ ሰባት ኪሎም፣ ገዋኔም፣ ሰመራም ውስጥ ተገኝታለች። ሌሎቹ የወባ ትንኞች ረግረግና የዝናብ ኩሬ ሲፈልጉ ይህቺኛዋ ከተማ ውስጥ ይመቻታል፤ በርሜል፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ዝናብም አትጠብቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉም ግቢ በርሜል አለው፤ ስለዚህ የሕፃኑ ጥግ ዝግጅት የሚጀምረው ከበርሜሉ ክዳን ነው። ክዳኑ ግጥም ይበል፤ ከሌለ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ጣሉበትና በላስቲክ ዙሪያውን እሰሩት። በየሳምንቱ አንድ ቀን በርሜሉን ባዶ አድርጉና ግድግዳውን ፈትጉት።

አጎበሩን ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ፤ በዘመቻ ሲታደል በነፃ ይገኛል። አዲሱን ከላስቲኩ አውጥታችሁ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና ይሁን፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያጠፋዋል።

አሰቃቀሉ ላይ ጥቂት ልቆይ። ቤት ውስጥ አራት ምስማር፣ ግቢ ውስጥ አራት ቋሚ እንጨት ይኑራችሁ። ለቋሚ የሚሆን እንጨት በአዋሽ ሸለቆ አይታጣም፤ ሸለቆውን ያጥለቀለቀው ፕሮሶፒስ፣ ሕዝቡ ወያኔ ዛፍ የሚለው፣ ጠንካራ ነው። እሾሁን እስከ ሥሩ መልምላችሁ ልጡን ላጡት፤ አንዲት የቀረች እሾህ አጎበሩን ትቀደዋለች፣ የልጅንም እጅ ትወጋለች። በአጎበሩ አራት ማዕዘን ላይ ያሉትን ቀለበቶች በእኩል ቁመት ባላቸው ክሮች እሰሩና በሌላው ጫፍ ማንጠልጠያ አበጁ። ያኔ ማታ ከምስማሩ አውልቆ ቋሚው ላይ ማንጠልጠል የደቂቃ ሥራ ይሆናል። ጎኑ ልጁን እንዳይነካ ሰፋ ብሎ ይውረድ፤ ቆዳው መረቡን ከነካ ትንኟ ከውጭ ሆና ትነክሰዋለች። ጫፉን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ክተቱት፤ የተንጠለጠለ ክርም ልጁ በሚደርስበት አይኑር። ግቢ ያደረ ልጅ ያለ አጎበር ለአንድ ሰዓት እንኳ አይተኛ፤ ትንኟ ሥራ የምትጀምረው ገና ሲመሽ ነው።

ከራሱ በላይ ምንም

በ2017 ዓ.ም ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ከሰመራ አለፍ ብላ የምትገኘው ሰርዶም በ1961 ዓ.ም በርዕደ መሬት ፈርሳለች። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ሰው በልጁ ራስጌ መደርደሪያ፣ መስታወት ወይም ፍሬም አይሰቅልም፤ ቁም ሣጥኑንም በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ያያይዛል፣ ወይም መኝታውን ቁም ሣጥኑ ቢወድቅ ከማይደርስበት ያርቃል።

ጌጡስ?

አሁን ወደ ውበቱ እንምጣ። አዲስ የተወለደ ልጅ ጥርት አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ያለውን ነው፤ ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት ያለበት ርቀት ማለት ነው። ጎላ ያለ መስመር፣ የጥቁርና የነጭ፣ የጨለማና የብርሃን ልዩነት ዓይኑን ይስባል፤ ደብዛዛውን ሮዝና ሰማያዊ ገና አይለየውም። ባለ ቀለም ሰሌን፣ ስፌድ ወይም ደማቅ ሽርጥ ከገበያ አምጡና እናቱ በምታጠባበት ጎን፣ ልጁ ከማይደርስበት ራቅ አድርጋችሁ በክር ስቀሉ። ቤት ስትለቁ አብሮ ይሄዳል። ሽርጡ ሲያረጅ መጠቅለያ ይሆናል።

ግድግዳ መቀባት ካማራችሁ በውሃ የሚበጠበጠውን ቀለም ምረጡ፤ ከመውለጃው ወር ቀደም ብሎ ይቀባና መስኮቱ ተከፍቶ ይክረም። በድሮ በርና መስኮት ላይ የሚቀረፈውን የዘይት ቀለም ግን በደረቁ አትፋቁት፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙም የሕፃን አእምሮ ይጎዳል።

ለእናት ደግሞ ዝቅ ያለ በርጩማና ክዳን ያለው የውሃ ጆግ ከጥጉ አይለይ። በሙቀቱ ምክንያት ለልጁ ውሃ ይሰጠው የሚል ሰው አይጠፋም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ለጥሙም ይበቃዋል፤ ውሃው የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

ከዘመድ የመጣ የሕፃን ልብስ ትልቅ ገንዘብ ያድናል። ሣጥን ውስጥ ናፍታሊን፣ ያ ነጩ ድቡልቡል፣ ከነበረው ግን በደንብ አጥባችሁ ለቀናት ፀሐይ ላይ ሳታሰጡት አታልብሱት። በትውልድ በደማቸው ውስጥ አንድ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት አሉ፤ የናፍታሊን ሽታ ቀይ የደም ሕዋሳቸውን እያፈረሰ በወፍ በሽታ ይጥላቸዋል።

አራስ ጠያቂው ገንፎ ሊበላ ወይም ለዓቂቃው ሊገኝ ሲመጣ «ምን ይዤ ልምጣ?» ማለቱ አይቀርም። አትግደርደሩ። «አክስቴ፣ አጎበር ቢሆንልን» ማለት ነውር የለውም፤ አቡጀዲም፣ ሳሙናም፣ ሳፋም እንዲሁ። አሻንጉሊት ካልገዛሁ ለሚለው፣ ልጁ መቀመጥ እስኪጀምር 6 ወር ያህል እንደሚቀረው ንገሩት፤ እስከዚያ ያው ብር ለበርሜሉ ግጥም የሚል ክዳን ይግዛበት።