ትምባሆ ማጨስና የሽንት ፊኛ ካንሰር ማገርሸት፦ ከምርመራ በኋላ ማቆም ምን ይፈይዳል?

መግቢያ

የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደያዘው የተነገረው አጫሽ ትምባሆ እንዲያቆም ሲመከር «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ብሎ ቢመልስ አያስደንቅም። በሽታው ከደረሰ በኋላ ማቆም ፋይዳ የለውም የሚለው ግምት ግን በማስረጃ ይጸናል ወይ? ይህ አጭር ጽሑፍ የታተሙ ጥናቶችን በመመርመር ለጥያቄው ምላሽ ለመስጠት ይሞክራል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ካንሰር እንደተያዙ ይገመታል።

የበሽታው ባሕርይ

ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ ከአራት ሕሙማን በሦስቱ ያህል ዕጢው ወደ ፊኛው ጡንቻ አልዘለቀም። እንዲህ ያለው ዕጢ በሽንት መውጫ በኩል በሚገባ መሣሪያ ተቆርጦ ይወጣል። ሆኖም መልሶ የመብቀል ጠባይ አለው። በ2006 እ.ኤ.አ. የ2,596 ሕሙማንን መረጃ መሠረት አድርጎ የታተመ የአውሮፓ ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ የማገርሸት ዕድሉ እንደ ዕጢው ዓይነት ከ31 እስከ 78 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል። በዚህም ምክንያት ታማሚው ለዓመታት ፊኛውን በመሣሪያ እያስመረመረ ይኖራል።

ትምባሆ ፊኛን የሚጎዳበት መንገድ

የፊኛ ካንሰርና የኬሚካል ግንኙነት መጀመሪያ የታየው በትምባሆ አልነበረም። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን በ1895 እ.ኤ.አ. በማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ መታየቱን ዘገበ። ኋላ ላይ ተጠያቂ መሆናቸው የተረጋገጠው አሮማቲክ አሚን የተባሉት ውሕዶች በትምባሆ ጢስም ውስጥ ይገኛሉ። ውሕዶቹ ከሳንባ ወደ ደም ይገባሉ፤ በጉበት ተለውጠው በኩላሊት ይጣራሉ፤ ከዚያም ሽንት በፊኛ ውስጥ በሚቆይበት ሰዓት ሁሉ የውስጠኛውን ሽፋን ሕዋሳት ያገኛሉ፣ ዘረ መላቸውንም ያበላሻሉ።

ጉዳቱ በአንድ ነጥብ ላይ የተወሰነ አይደለም፤ ሽፋኑ በሰፊው ይነካል። ስለዚህ አንዱ ዕጢ ቢወገድም በዙሪያው ለመብቀል የተዘጋጀ ሕዋስ ሊኖር ይችላል። የሚያጨስ ታማሚ ይህን የተጎዳ ሽፋን በየዕለቱ ለተጨማሪ መርዝ ያጋልጣል ማለት ነው።

ጥናቶቹ ምን ያሳያሉ?

በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ከ460 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት የሚያጨሱ ሰዎች በፊኛ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ፈጽሞ ካላጨሱት አራት እጥፍ፣ ያቆሙት ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አመልክቷል። ማገርሸትን በተመለከተ ግንኙነቱ እንዲህ የጎላ አይደለም፤ ይሁን እንጂ አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመና ከ2,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ብዙና ለረጅም ጊዜ ያጨሱት ዕጢው በይበልጥ እንደሚያገረሽባቸውና እንደሚከፋባቸው፣ ካቆሙ ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸው ግን የማገርሸት ዕድላቸው ዝቅ እንደሚል ደርሶበታል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናትም ምርመራ ከተደረገላቸው በኋላ ማጨስ የቀጠሉት የባሰ ውጤት እንደገጠማቸው ዘግቧል።

የማስረጃው ወሰን

አብዛኞቹ ጥናቶች ያለፈ የሕክምና መዝገብን የተከተሉ ናቸው። የማጨስ ታሪክ የሚመዘገበው በታማሚው ቃል፣ ያውም ብዙ ጊዜ በምርመራው ዕለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን እንዳቆመ፣ ማን ተመልሶ እንደ ጀመረ አይታወቅም። ያቆሙት ሕሙማን በሌላም ረገድ ለጤናቸው የሚጠነቀቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ ማስረጃው በዋናነት ከሽፋን ሕዋሳት ስለሚነሣው ካንሰር ነው፤ ከብልሃርዝያ ጋር ለተያያዘው የተለየ የፊኛ ካንሰር እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

መደምደሚያ

ማቆም ያለፈውን ጉዳት አይሽርም፤ ጥቅሙም ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። ይሁንና የዘገየ ጥቅም እንደሌለ ጥቅም አይቆጠርም። በተለይ ዕጢው ጡንቻ ላልነካበት ታማሚ ከፊቱ ብዙ ዓመታት አሉት፤ በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ልቡንና ሳንባውን የሚያሰጋው ያው ትምባሆ ነው። ዕጢው ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ የሚደረገው የመጀመሪያው የፊኛ ምርመራና ተከታዮቹ ቀጠሮዎች ሐኪሙ ታማሚውን ደጋግሞ የሚያገኝባቸው ጊዜያት ናቸው። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ስለ ማጨስ መጠየቅ፣ መልሱን መመዝገብና ለማቆም የሚረዳ ምክርና መድኃኒት ማቅረብ የክትትሉ አካል ሊሆን ይገባል። የፈሰሰው ውኃ ባይታፈስም በእንስራው የቀረውን ማዳን ይቻላል።